የወባን ተውሳክ የሚያይ ማሽን ከማን ይማራል?

በአፍሪካ ቀንድ የወባ ተውሳክ አንድ ዘረመል እየጣለ ነው። በ8ኛው ክሮሞዞሙ ጫፍ አካባቢ የሚገኘው ይህ ዘረመል ኤችአርፒ2 ይባላል። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ዘረመሉን ይዞ በሰው ደም ውስጥ ሲራባ፣ በዚያው ስም የሚጠራ ፕሮቲን በብዛት ወደ ደም ይለቃል። በየጤና ኬላው ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም የሚደረግበት ፈጣን መመርመሪያ፣ ባለሙያዎቹ አርዲቲ የሚሉት፣ በአብዛኛው የሚፈልገው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። በመመርመሪያው ላይ የተቀባው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑን ሲይዝ ቀይ መስመር ይወጣል። በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ወንድሙ ኤችአርፒ3 የሚሠራው ፕሮቲን ስለሚመሳሰል አንዳንዴ መስመሩን ሊያወጣው ይችላል፤ ሁለቱም ከጠፉ ግን የሚወጣ ነገር የለም። በሽተኛው ትኩሳቱንና ብርድ ብርድ ማለቱን እንደያዘ «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ዘረመል የጎደለው ተውሳክ በሕሙማን ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን በወጣ ጥናት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ኤርትራ ውስጥ በከፍተኛ መጠን ተገኘ፤ አገሪቱም መመርመሪያዋን ለመቀየር ተገደደች። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2017 እና በ2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሄደ። ውጤቱ በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ በዚህ ዘረመል መጥፋት ብቻ 9.7 በመቶ የሚሆኑ የፋልሲፓረም ሕሙማን ከፈጣን መመርመሪያው ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው የሚያመልጡት 5 በመቶ ሲደርሱ ነው። በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን እንደተመዘገቡና 1,157 ሰዎች እንደሞቱ ስናስታውስ፣ ነገሩ ለሞለኪውል ባዮሎጂ ምሁራን ብቻ የሚተው እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

ተውሳኩ ዘረመሉን ይጣል እንጂ መልኩን አልጣለም። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ደሙን በስላይድ ላይ ቀብታ፣ አድርቃ፣ ከ1904 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጊምሳ ቀለም ነክራ፣ በዘይት ሌንስ ስታየው ኤችአርፒ2 ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያታል፤ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ ነጥብ፣ አንዳንዴም ሁለት ነጥብ። ችግሩ እሱን ማግኘቱ ላይ ነው። «አልተገኘም» ብላ ከመጻፏ በፊት ቢያንስ 100 የእይታ መስኮችን አንድ በአንድ ማየት አለባት። ከበሩ ውጭ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ዓይን ይደክማል፤ በ60ኛው መስክ ላይ ያለች አንዲት ቀለበት በቀላሉ ታመልጣለች። የኮምፒውተር እይታ ምርምር ወደ ወባ የመጣው በዚህ በር ነው። ዘረመሉ ሲጠፋ ኬሚካላዊው ምርመራ ቢታወር፣ መልክን የሚያነብ የማይደክም ዓይን ክፍተቱን ይሞላል የሚል ተስፋ አለ። ተስፋው ከንቱ ነው አልልም። ሆኖም የምርምሩ ትልቅ ጉልበት እየፈሰሰ ያለው በተሳሳተው ቦታ ይመስለኛል። ማሽኑን የሚወስነው የፕሮግራሙ ብልጠት ሳይሆን የተማረበት ስላይድና «ይህ ተውሳክ ነው፣ ይህ አይደለም» ብሎ የነገረው ፍርድ ነው፤ የዚያ ፍርድ የመጨረሻ ዳኛ ደግሞ ከሞለኪውል ላብራቶሪው መምጣት አለበት።

በመጀመሪያ የዘርፉን አመጣጥ በአጭሩ እንይ። ነገሮችን ከምስል ውስጥ ለይቶ የሚያገኝ ፕሮግራም ሦስት ነገር ይሰጣል፤ በተገኘው ነገር ዙሪያ አራት ማዕዘን ያሰምራል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይናገራል። በ2001 ቪዮላና ጆንስ የሰው ፊት በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ አስተዋወቁ። በ2014 ሮስ ጊርሺክና ባልደረቦቹ አር-ሲኤንኤንን፣ በቀጣዩ ዓመት ፋስተር አር-ሲኤንኤን የተባለውን አወጡ፤ ብዙ ሳይቆይ ምስሉን አንዴ ብቻ አይቶ ሁሉንም ሳጥን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ዮሎ ተከተለ። በ2015 ከጀርመኗ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዩ-ኔት የሴልን ጠርዝ ነጥብ በነጥብ መከተል ቻለ፤ በ2021 ደግሞ ሴልፖዝ የተባለው፣ ከ70,000 በላይ በእጅ የተከበቡ ነገሮችን ተምሮ፣ የተለያዩ ሴሎችን ያለ ተጨማሪ ትምህርት መለየት ጀመረ። በ2017 የብሮድ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድን ፋስተር አር-ሲኤንኤንን በወባ ስላይድ ላይ ሞክሯል። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ርዕስ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የሚወጣው ጽሑፍ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ከ95 በመቶ በላይ ትክክለኛነት ያበስራል።

ያ 95 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሂሳብ እንመርምር። አንድ ማይክሮሊትር ደም፣ ማለትም ከጠብታም እጅግ ያነሰ መጠን፣ ወደ 5 ሚሊዮን ቀይ የደም ሴሎችን ይይዛል። በሽተኛው በማይክሮሊትር 200 ተውሳክ ቢኖርበት፣ ከ25,000 ቀይ ሴሎች ውስጥ ተውሳክ የያዘው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። አሁን ከ1,000 ጤነኛ ሴሎች 999ኙን በትክክል የሚለይ ፕሮግራም አለን እንበል። ይህ ከተበሰረው 95 በመቶ እጅግ የላቀ ነው። ያ ፕሮግራም 25,000ዎቹን ሲያይ አንዱን እውነተኛ ተውሳክ ሊያገኝ ይችላል፤ ከእሱ ጋር ግን 25 ጤነኛ ሴሎችን «ተውሳክ» ብሎ ይከብባል። ወባ የሌለበት ሰው ስላይድ ላይም ያንኑ ያህል ይከብባል። ስለዚህ የታመመውን ከጤነኛው መለየት አይችልም። በዘርፉ በብዛት ከሚጠቀሱት የምስል ስብስቦች አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ያቀረቡት፣ ከባንግላዴሽ ቺታጎንግ የተሰበሰበው ነው። 27,558 የሴል ምስሎች አሉት፤ ግማሹ ተውሳክ ያለበት፣ ግማሹ የሌለበት። ለማስተማሪያ ጥሩ ነው። ግን ግማሽ ለግማሽ የሆነ ደም በየትኛውም ሰው ሥር ውስጥ አይገኝም፤ በዚህ ፈተና 98 ያገኘ ፕሮግራም እውነተኛውን ፈተና ገና አልተቀመጠም። ከብሮድ ኢንስቲትዩት የወጣው ሌላው ስብስብ፣ 1,364 ምስሎችና ወደ 80,000 የሚጠጉ ሴሎች ያሉት፣ ወደ እውነታው ይቀርባል፤ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሴሎች ተውሳክ የሌለባቸው ናቸው። ከ25,000 አንድ ከሚለው ሲነጻጸር ግን እሱም ገና ሩቅ ነው።

መሣሪያው ከምርምር ክፍሉ ወጥቶ ወደ ክሊኒክ ሲገባ የሚሆነውን ደግሞ በ2022 ማላሪያ ጆርናል ላይ የወጣ የመስክ ግምገማ ያሳያል። የተፈተሸው ኢዚስካን ጎ የተባለ፣ ስላይዱን ራሱ እያንቀሳቀሰ ፎቶ አንስቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያነብ ማይክሮስኮፕ ነው። ወባ ካለባቸው ውስጥ 91 በመቶውን አገኘ። ወባ ከሌለባቸው ውስጥ ግን «የለም» ያለው 76 በመቶ ለሚሆኑት ብቻ ነው፤ ከአራት ጤነኞች ለአንዱ ያህል ወባ አለብህ ብሏል ማለት ነው። በማይክሮሊትር ከ200 ያነሰ ተውሳክ ባለባቸው ላይ የማግኘት አቅሙ ወደ 57 በመቶ ወረደ። በግምገማው ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ጥራታቸው ጥሩ የሆኑት ስላይዶች ብቻ ተለይተው ሲታዩ፣ ጤነኛን ጤነኛ የማለት አቅሙ ከ76 ወደ 85 በመቶ አደገ። ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር አልተነካችም። ያደገው ስላይዱ ስለጠራ ነው፤ ቀለሙ ተጣርቶ፣ የውኃው የአሲድ መጠን ወደ 7.2 ተስተካክሎ፣ መስታወቱ ቅባትና አቧራ ሳይኖረው፣ ደሙ እኩል ተቀብቶ። በስላይድ ላይ የረጋ የጊምሳ ዝቃጭ ወይም በቀይ ሴል ላይ የተቀመጠ ፕላትሌት ከሩቅ ሲያዩት ተውሳክ ይመስላል። ጀማሪ ባለሙያን የሚያሳስተው ማሽኑንም ያሳስተዋል። ይህን ዘጠኝ ነጥብ የሚያህል ለውጥ ከአዲስ የፕሮግራም ዲዛይን ለማግኘት ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደሚፈስ የሚያውቅ ሰው፣ ለንጹሕ ቀለምና ለሥልጠና የሚወጣውን ብር እንደ ትንሽ ነገር አያየውም።

በምስሉ ላይ ምን እንደሚታይ የሚወስነውም ከስር ያለው የሞለኪውል ሥራ ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ነጥብ ይህ ነው። ፋልሲፓረም በቀይ ሴል ውስጥ ሲያድግ ፒኤፍኢምፕ1 የተባለ ፕሮቲን ወደ ሴሉ ውጫዊ ገጽ ይልካል። ለዚህ ፕሮቲን ወደ 60 የሚጠጉ አማራጭ ዘረመሎች አሉት፤ የሰውነት መከላከያ አንዱን ሲለምድ ወደ ሌላው ይቀይራል። በዚህ ፕሮቲን አማካይነት ሴሉ በውስጥ አካላት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ጣፊያ ሄዶ ከመጥፋትም ይተርፋል። ስለዚህ ከጣት በሚወሰድ ደም ላይ የሚታየው በአብዛኛው ገና ቀለበት የሆነው ሕፃኑ ተውሳክ ነው፤ ያደገው ተደብቋል። ላብራቶሪ ውስጥ ከተራባ ተውሳክ ምስል የተማረ ማሽን ግን ሁሉንም የዕድገት ደረጃ እኩል አይቷል፤ የሚጣበቅበት የደም ሥር በማሳደጊያው ሳህን ላይ የለምና። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ተውሳክ ዝርያ ደግሞ ገና ከመቅኒ የወጡ ወጣት ቀይ ሴሎችን ይመርጣል፤ የያዘው ሴል ያብጣል፤ ሁሉም ደረጃው በጣት ደም ላይ ይታያል። ከላይ የጠቀስኩት የቺታጎንጉ ስብስብ የፋልሲፓረም ነው፤ የብሮዱ የቫይቫክስ። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ፋልሲፓረም ብቻውን ሲገዛ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ልዩነቱ የሕክምና ልዩነት ነው፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ስለሚያገረሽ ለዚያ የሚሰጠው ፕሪማኪን ያስፈልገዋል። አንዱን ብቻ የተማረ ማሽን መተሐራ ወይም አርባ ምንጭ ላይ ሲቀመጥ ያልተማረውን ቋንቋ እንዲያነብ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ማሽኑን ማን ያስተምረው? እስካሁን የሚያስተምሩት ሳጥን የሚያሰምሩ ባለሙያዎች ናቸው። ባለሙያዎች ደግሞ ይለያያሉ። በብሮዱ ስብስብ ላይ ምልክት ያደረጉት ሰዎች እርግጠኛ ያልሆኑባቸውን ሴሎች «አስቸጋሪ» ብለው እንዲያልፉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ይህ ሐቀኝነት ያስመሰግናቸዋል። ግን ማሽኑ በጣም የሚያስፈልገን በእነዚያ አስቸጋሪዎች ላይ ነው። በቀላሉ የሚታየውንማ ሰውም ያየዋል። እዚህ ላይ ፒሲአር ይገባል። ፒሲአር የተውሳኩን ዘረመል ቁራጭ አባዝቶ መኖሩን ይናገራል፤ ዝርያውን ይለያል፤ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ከማይችል ትንሽ መጠን ላይም ያገኛል፤ ኤችአርፒ2 መጥፋቱንም የሚነግረን እሱ ነው። ሆኖም ፒሲአር «አለ» ይላል እንጂ «እዚህ ጋ ነው» አይልም፤ ሳጥን ማሰመር አይችልም። ከዚህም በላይ ፒሲአር ያገኘው ተውሳክ በዚያ ስላይድ ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ፍርዶች መደባለቅ አይገባም። የት እንዳለ ማሳየት የባለሙያዋ ነው፤ በስላይዱ ባለቤት ደም ውስጥ ወባ መኖር አለመኖሩን መወሰን የፒሲአር ነው። ማሽኑ ከመጀመሪያው ፍርድ ይማር፤ በሁለተኛው ይፈተን። ዛሬ ግን ብዙው ጽሑፍ ማሽኑን የሚፈትነው ባስተማሩት ሰዎች ዓይን ብቻ ነው፤ መምህሩ ያላየውን ተማሪው ቢያየው እንኳ ስሕተት ተብሎ ይቆጠርበታል።

በቅርብ ዓመታት ከሞለኪውል ባዮሎጂ የወጣው ትልቁ የኮምፒውተር ስኬት ይህንኑ ይመሰክራል። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ መገመት ሲችል፣ ሥራውን የመሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ዜናው ስለ ማሽኑ ነበር። ማሽኑ የተማረበት የፕሮቲን ዳታ ባንክ ግን በ1971 የተቋቋመ ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ተመራማሪዎች ፕሮቲን አጥርተው፣ በአብዛኛው ክሪስታል አብቅለውና በኤክስሬይ ለክተው ያስገቡት ወደ 170,000 የሚጠጋ ቅርጽ ነበረበት። እያንዳንዱ ቅርጽ በሙከራ የተረጋገጠ ነው። የወባ ስላይድ እንዲህ ያለ ባንክ የለውም፤ ያለው በየአገሩ የተበታተነ፣ በአብዛኛው በሞለኪውል ያልተረጋገጠ ምስል ነው።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዱ በተለይ ከባድ ነው። ለምን ይህን ሁሉ እንደክማለን፣ ኤልዲኤች የተባለውን ፕሮቲን ወደሚፈልግ መመርመሪያ መቀየር አይበቃም ወይ? ኤልዲኤች ተውሳኩ ከስኳር ኃይል የሚያገኝበት ኢንዛይም ነው፤ እንደ ኤችአርፒ2 ጥሎት ሊኖር አይችልም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መብራትም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ጤና ኬላ መቅደም ያለበት የመመርመሪያው መቀየር ነው፤ ማሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የመመርመሪያ ካርድ አይተካም። ግን ካርድ አይቆጥርም። በኢትዮጵያና በኤርትራ አር622አይ የተባለው የኬ13 ዘረመል ለውጥ ተገኝቷል፤ ይህ ተውሳኩ ለአርቴሚሲኒን መድኃኒት ቀስ እያለ ምላሽ እንደሚሰጥ ከሚያመለክቱት አንዱ ነው። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የምናውቀው ተውሳኩ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው ቀን ስንት እንደቀረ በመቁጠር ነው፤ ይህ የማይክሮስኮፕ ሥራ ነው። ለማሽን የተመቸ ሥራ ይመስላል፤ የ2022ቱ ግምገማ ግን መሣሪያው የቆጠረው ከባለሙያዎቹ ቆጠራ በ25 በመቶ ልዩነት ውስጥ የወደቀው በ23 በመቶ ስላይዶች ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ ማሽኑ በጣም በሚያስፈልገን ቦታ ላይ ገና ደካማ ነው። ይህ ሥራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የት መሠራት እንዳለበት ግን ይጠቁማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኮምፒውተሩ ጎራ ይመጣል፤ ሞዴሎቹ እየገዘፉ ስለሆነ የመረጃው ችግር ራሱ ይፈታል ይላሉ። በ2023 የወጣው ሴግመንት ኤኒቲንግ ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ክበቦችን ተምሯል። በሌላ በኩል ዩ-ኔት በአንዱ ውድድር ላይ ያሸነፈው 30 ምስሎችን ብቻ ተምሮ ነው፤ ታዲያ መረጃ ያን ያህል ለምን ያስፈልጋል የሚልም አለ። ሁለቱ ማስረጃዎች ተቃራኒ ቢመስሉም ወደ አንድ መደምደሚያ ይመራሉ። ትልቁ ሞዴል ጠርዝ ማግኘትን ያውቃል፤ በጠርዙ ውስጥ ያለው ተውሳክ ይሁን የቀለም ዝቃጭ ከመንገድ ፎቶዎች ሊማር አይችልም። ሠላሳዎቹ ምስሎች ደግሞ የበቁት እያንዳንዷ ነጥብ በጥንቃቄ ስለተለየች ነው። በሁለቱም በኩል የጎደለው የታመነ ፍርድ ነው፤ እሱ በብዛት አይገዛም።

ማሽኑ የላብራቶሪ ባለሙያውን እንጀራ ይወስዳል የሚለው ስጋት ለጊዜው አያሳምነኝም። ከአራት ጤነኞች አንዱን የሚያሳስት መሣሪያ ያለ ሰው ፍርድ ሊሠራ አይችልም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ባለሙያው ሁሉን ለማሽኑ ትቶ ዓይኑ ቢሰንፍ፣ ማሽኑ የሚማርበት ምንጭ ራሱ ይደርቃል። ስለዚህ ማሽኑ አጠራጣሪ መስኮችን ለይቶ ያቅርብ፤ ፍርዱን ባለሙያዋ ትስጥ፤ የተለያዩበትም ይመዝገብ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መነሻ ዛሬም በእጃችን አለ። ጤና ጣቢያዎች ለጥራት ቁጥጥር ዳግም የሚነበቡ ስላይዶችን የማስቀመጥ ልምድ አላቸው፤ ለሞለኪውል ምርመራ የሚሆን ደም ደግሞ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጥሪዬ ለላብራቶሪ ኃላፊዎችና ለክልል ጤና ቢሮዎች ነው። ካርዱና ማይክሮስኮፑ ያልተስማሙበትን፣ ሁለት አንባቢዎች የተለያዩበትን ስላይድ አትጣሉት። በበሽተኛው ፈቃድ፣ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ አንዲት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ አድርቃችሁ ከስላይዱ ጋር አኑሩት። ነገ ማሽኑን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ደግሞ ከምንም በፊት በእነዚህ ስላይዶች ላይ እንዲፈተን ጠይቁት።